ተቀማጭ እና ነዋሪ

አማርኛ «ኤክስፓት» ለሚለው ቃል አቻ የለውም። ስደተኛ አለው፤ መጤ አለው፤ እንግዳ አለው፤ ፈረንጅ አለው፤ ኋላ ደግሞ ዲያስፖራ የሚል ጨምሯል። ኤክስፓት ግን ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። እንደ ስደተኛ ተገፍቶ አልወጣም። እንደ ሠራተኛ እንጀራ ፍለጋ አልተሻገረም። እንደ እንግዳም የሚሄድበት ቀን አይታወቅም። ኤክስፓት በአንድ አገር ያገኘውን ገንዘብ ኑሮ በሚረክስበት በሌላ አገር የሚበላ፣ ከመጣበት ስፍራም ከአየሩ፣ ከውኃውና ከፀጥታው በቀር የሚፈልገው ነገር የሌለ ሰው ነው። ቃሉ ወደ አማርኛ ያልገባው ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ኑሮ ስለማያውቁ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን የቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ ኑሮው ከገባ ቆይቷል።

የዚህ ኑሮ ዋና መታያ የቬትናም የባሕር ዳርቻ ነው። በሆይ አን፣ በዳ ናንግና በሙይ ኔ አሜሪካዊው ጡረተኛና ኮምፒውተሩን አንግቶ የሚዞረው አውሮፓዊ ወጣት ባሕር የሚያሳይ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ቬትናም ለጡረተኛ የተለየ ቪዛ ስለሌላት ብዙዎቹ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ እስከ 90 ቀን በሚያቆየው የኢንተርኔት ቪዛ ነው፤ ሲያልቅ ድንበር ተሻግረው ይመለሳሉ። መሬት የራሳቸው ሊሆን አይችልም። ድምፅ አይሰጡም። ቋንቋውን ጠንክሮ የሚማረው ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ግን እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ የኑሮው ጣዕም እንዲያውም እሱ ነው፤ ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንንም አይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በማርች 1965 የአሜሪካ ማሪኖች ከመርከብ የወረዱበት የዳ ናንግ አሸዋ ዛሬ የፀሐይ መሞቂያ ሆኗል።

ከዚያው ባሕር በጀልባ የወጡት ቬትናማውያን ግን ሌላ ስም ነው የተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳይጎን ከወደቀች በኋላ ከሸሹት ብዙዎቹ በሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 በፎልስ ቸርች የተከፈተው ኤደን ሴንተር የተባለው የገበያ ስፍራቸው፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ብዙ አይርቅም፤ የጠፋችው የደቡብ ቬትናም ባንዲራ እስካሁን እዚያ ትውለበለባለች። እነዚህን ሰዎች ኤክስፓት ያላቸው የለም፤ ስማቸው ስደተኛ ነበር። ልዩነቱ የቆዳና የፓስፖርት ብቻ አይደለም። ስደተኛ የገባበት አገር የሚጠይቀውን ሁሉ ይከፍላል፤ ቋንቋውን ይማራል፣ ከታች ይጀምራል፣ ሕጉን ይፈራል፣ ልጁን ለዚያ አገር ይሰጣል። ኤክስፓት የሚከፍለው የቤት ኪራይ ነው።

ይህ ነገር ኢትዮጵያውያንን ምን አገባቸው? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያም አልፎ በግሪንቤልትና በዙሪያዋ፣ በቡና ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በልቅሶ ቤት ሳይቀር ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ሕልም አለ። ጡረታ ሲወጣ፣ ልጆቹ ሲማሩ፣ የቤቱ ዕዳ ሲያልቅ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ የሚያሳይ በረንዳ ያለው ቤት። ጠዋት ዓሣ፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ ፀጥታ። ሠራተኛ በርካሽ ይገኛል፤ ዶላሩ ይበቃል። ይህ ሕልም የናፍቆት ልብስ ለብሷል። ልብሱ ሲገለጥ ግን ከሥሩ ያለው የሆይ አኑ ጡረተኛ ሕልም ነው። የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ የሆይ አኑ ጡረተኛ ባሕር ዳሩን «አገሬ» አይለውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሕልሙ ገና ሳይፈጸም፣ ብዙ ሰው ያንኑ ኑሮ አሜሪካ ላይ ሀያና ሠላሳ ዓመት ሲለማመደው ኖሯል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። «ተቀማጭ» ይላል። በአንድ በኩል ተቀማጭነቱ እዚህ ወይም እዚያ ነው ሲባል ነዋሪ ማለት ነው። በሌላ በኩል ተቀማጭ በባንክ የተኛ ገንዘብ ነው፤ ወለዱን እየቆጠረ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ይወጣል፤ ባንኩ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚያስቀጥርና ማንን እንደሚያባርር አይጠይቅም። ነዋሪ ሌላ ነው። ነዋሪ ጎርፍ ሲመጣ ቦይ የሚቀድ፣ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሹም ሲያጠፋ የሚጮህ ነው። አንድ ሰው አንድ ቦታ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀንም ላይኖርበት ይችላል።

ግሪንቤልት ለዚህ ክርክር የተመቸች ከተማ ናት። ፀጥ ያለች ናት። ሐይቅ አላት፤ በዙሪያው የእግር መንገድና ዛፍ አለ። ባሕር ዳርን የሚናፍቅ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ቢሄድ የሚፈልገው ፀጥታ ከቤቱ ደጃፍ እንዳለ ያየዋል። ግን ይህን ፀጥታ ተፈጥሮ አልሰጠም። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ አጥ ባደረገበት ዘመን የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት፣ በሬክስፎርድ ታግዌል ይመራ በነበረው መሥሪያ ቤት በኩል፣ ሦስት «አረንጓዴ ከተሞች» አሠራ፤ በኦሃዮ ግሪንሂልስን፣ በዊስኮንሲን ግሪንዴልን፣ በሜሪላንድ ግሪንቤልትን። ሥራ ያጡ ሰዎች በሺዎች እየተቀጠሩ ጫካውን መነጠሩ፣ መንገዱን አወጡ፣ ቤቱን ገነቡ። ሐይቁም ሰው ሠራሽ ነው፤ በሠራተኛ ላብ የተቆፈረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሲገቡ 885 ቤቶች ነበሩ። ቤት ለማግኘት የገቢው ልክ ብቻ አልበቃም፤ አመልካቹ በከተማው የጋራ ኑሮ ለመሳተፍ ፈቃደኛ መሆኑም ይታይ ነበር። ሱቁ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። በዚያው ዓመት ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ጋዜጣ ጀመሩ፤ ዛሬም ይታተማል። መንግሥት ከተማዋን ልሽጥ ባለ ጊዜ ነዋሪዎቹ ማኅበር አቋቁመው እ.ኤ.አ. በ1952 ቤቶቹን ራሳቸው ገዙ፤ ማኅበሩ አሁንም አለ።

ታሪኩ እድፍ አለበት። ጥቁር ሠራተኞች ከተማዋን ሲገነቡ ከሌሎች ጋር ሠርተዋል፤ በገነቡት ቤት ግን እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። የከተማዋ ሰዎች ይህን ለመናገር ብዙ ዘመን ወሰደባቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 መራጮቹ ለጥቁሮችና ለቀደምት የአሜሪካ ተወላጆች ካሳ ስለሚገባበት ሁኔታ የሚያጠና ኮሚሽን እንዲቋቋም በድምፅ ወሰኑ። ይህ ሁሉ የሚነሳው ስለ አንድ ነገር ነው። ፀጥ ያለ ከተማ ያየ ሰው ሁለት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህን ፀጥታ ማን ሠራው? ማንስ እንዳይገባበት ተከለከለ? ነዋሪ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቃል። ተቀማጭ የሚጠይቀው ኪራዩን ነው።

በግሪንቤልትና በዙሪያዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የመጣው ከዚህ ታሪክ በኋላ ነው። ሜትሮው እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፍቷል፤ ቀለበት መንገዱ በደጅ ያልፋል፤ ሥራው ዲሲ ነው፣ እንጀራው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሌላ ቦታ ነው። ግሪንቤልት የመኝታ ስፍራ ሆነች። ታክሲ የነዳ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊቱን የዋጠ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናት ያጠበ ሰው ደክሞት ሲገባ ስለ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ቢያወሩለት ሊሰማ አይችልም። ይህ እውነት ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራን ሰው ስንፍና ነው ብሎ የሚከስ አፍ ይቅርታ አይገባውም።

ግን ጊዜ ማጣት ግማሽ መልስ ነው። ያው ሁለት ሥራ የሚሠራው ሰው በብርድ ቆሞ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለሰዓታት ሰልፍ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ዓመታት ያዋጣል፣ ይሰበሰባል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ለሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል ፈቃድ ጠይቆ ከከተማ ከተማ ይበርራል። ስለዚህ ጊዜ አለ፤ ፍቅርም አለ፤ ጉልበትም አለ። የጠፋው ለሚተኛበት ከተማ የሚሆነው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የኤፍቢአይ ዋና መሥሪያ ቤት በግሪንቤልት ሜትሮ አጠገብ እንዲሠራ ተወሰነ፤ በ2025 ደግሞ ውሳኔው ተሻረ። ኪራይን፣ መንገድን፣ ሥራን የሚነካ ነገር ነበር። በአማርኛው የቡና ወሬ ውስጥ ከአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ጋር ሲወዳደር ስንት ደቂቃ አገኘ?

ምክንያቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ነገ ወደ አገሬ እገባለሁ»። ይህ ዐረፍተ ነገር ስደትን ለመቻል የተፈጠረ ማስታገሻ ነበር። እያደር ግን ፈቃድ ሆነ። ነገ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ስም አይጠይቅም። ነገ የሚሄድ ሰው የተከራይ ማኅበር ውስጥ አይገባም። ዜግነቱን አግኝቶ ለፕሬዚዳንት ድምፅ የሰጠው ሰው እንኳ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩትን አያውቃቸውም። ነገ ግን ሠላሳ ዓመት ሞላው። ልጆቹ እዚያው ተወለዱ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ገቡ። ወላጁ እንግዳ ነኝ ባለበት ከተማ ልጁ ነዋሪ ሆኖ አደገ፤ በእራት ገበታ ላይ አንዱ ስለ አንድ አገር ሲያወራ ሌላው ስለ ሌላ አገር ያስባል።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር ሕልም ይመለሱ። ያ ነገ በመጨረሻ ቢመጣ የሚመጣው እንዴት ነው?

በሕግ በኩል የሚመጣው እንደ ውጭ አገር ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ለትውልደ ኢትዮጵያዊ ብዙ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለውን መታወቂያ ሰጠው። በእሱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ንብረት ያፈራል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ ሥራም አይገባም። ይህ በብዙ ነገር የኤክስፓት ኑሮ ነው፤ ከዳ ናንጉ ተከራይ ይሻላል፣ ግን ዓይነቱ አንድ ነው። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ የሚለው ጥያቄ የቆየና ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያሳዝነው ጥያቄው ብዙ ጊዜ ከቦታና ከቀረጥ መጀመሩ ነው። ዜግነት ግብርም ነው፣ ፍርድ ቤት መቆምም ነው፣ ልጅን ለአገሩ ትምህርት ቤት መስጠትም ነው። ይህን የሚጠይቅ ድምፅ ቀጭን ነው።

በገንዘብ በኩል የሚመጣው እንደ ባለዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የባሕር ዳሩ መምህር በዚያ ክረምት ያገኘው ደመወዝ በዶላር ሲመነዘር ወደ ግማሽ ወረደ። ለግሪንቤልቱ ሕልመኛ ደግሞ በዚያው ክረምት፣ ዋጋው በብር የተነገረው ያ የሐይቅ ዳር ቤት በእሱ ኪስ ልክ ረከሰ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ቅሉ በዚያ ክረምት የጨመረው ሙያ የለም፤ ድንጋዩም ያጠፋው ጥፋት የለም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች ከ150,000 ዶላር ጀምሮ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። ቤት የዶላር ዕቃ መሆኑ በሕግ ተጻፈ ማለት ነው። በዚህ ገበያ መምህሩ ከማን ጋር ይጫረታል? ከሚናፍቀው ዘመዱ ጋር።

በጤና በኩል የሚመጣው ግማሽ ሰውነቱን ትቶ ነው። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። ስለዚህ ጡረተኛው የሜሪላንዱን አድራሻ አይጥልም፤ ልቡ ሲደክም፣ ኩላሊቱ ሲያምፅ፣ ቲኬት ቆርጦ ይመለሳል። ማንም ሰው ለሕይወቱ ቢሮጥ አይነቀፍም። ግን ያ ሰው ሐይቁ ዳር ሲኖር ለአካባቢው ሆስፒታል ምን ዓይነት ጎረቤት ይሆናል? አልጋው ቢጎድል፣ መድኃኒቱ ቢጠፋ፣ ሐኪሙ ደመወዝ አነሰኝ ብሎ ቢሄድ፣ ጉዳዩ የእሱ አይደለም፤ የእሱ ሆስፒታል ባሕር ማዶ ነው። ይህ በሁለት ቢላ መብላት ነው። ሆስፒታሉን አምርሮ የሚጠይቀው ሌላ ቦታ የሌለው ሰው ነው።

ፀጥታውስ? አማርኛ እዚህ ላይ ርኅራኄ የለውም። በአማርኛ ፀጥታ ዝምታም ነው፣ ጥበቃም ነው፤ ረጭ ያለ ሌሊትም ፀጥታ ነው፣ ጠመንጃ የያዘውም የፀጥታ ኃይል ነው። በሐምሌ ማብቂያ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞም አሥር ወር ቆየ። ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ። በጣና ዳር ያለው ሰው በዚያ ጊዜ ፀጥታውን በሁለቱም ትርጉሙ አየው። ከሩቅ ሆኖ «ባሕር ዳር እንዴት ፀጥ ያለች ከተማ ነበረች» ብሎ የሚናፍቅ ሰው፣ የሚናፍቀው ዘንባባውን ነው ወይስ በዘንባባው ሥር በሰዓት እላፊ ወደ ቤቱ የሚሮጠውን ሰው?

እምቦጭ የተባለው አረም ጣናን በወረረ ጊዜ ዲያስፖራው ገንዘብ አዋጥቶ ማሽን ገዝቶ ልኳል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ መካድ ነውር ነው። ግን አረሙን በእጁ የነቀለው ውኃ ውስጥ ገብቶ የቆመው ገበሬ ነው። ማሽኑ ሲበላሽ፣ ነዳጁ ሲያልቅ፣ እሱ አሁንም እዚያው ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላሉ አበው። ገንዘብ በሬውን ሊገዛ ይችላል፤ ሊያርስ ግን አይችልም።

ለዚህ ሁሉ መልስ አያጣም። የመጀመሪያው መልስ ገንዘቡ ይጠቅማል የሚለው ነው። ይጠቅማል። ከውጭ የሚላከው ገንዘብ በየዓመቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ እናት ያሳክማል፣ እኅት ያስተምራል። ነገር ግን የሚላክ ገንዘብና ይዞ የሚመጣ ገንዘብ አንድ አይደሉም። የሚላከው ገንዘብ ለሌላው ሰው ነው፤ ይዞ የሚመጣው ለራሱ ነው፤ ቤት ይገዛል፣ ዋጋ ያንራል፣ ከዚያ «ሥራ ፈጠርኩ» ይላል። የፈጠረው ሥራ የዘበኛና የቤት ሠራተኛ ነው። ለቤት ሠራተኛዋ የሚከፍለውን ሲያስብ «ለእነሱ ብዙ ነው» የሚል ሰው፣ ራሱ ሜሪላንድ ውስጥ በሰዓት ሲከፈለው ለእነሱ ስንት እንደሆነ ተቆጥሮ ቢሆን ምን ይል ነበር?

ሁለተኛው መልስ «ላቤ ነው፣ ዕረፍት ይገባኛል» የሚል ነው። ይገባል። ማንም ሰው ሰባ ዓመት ሲሞላው በረንዳ ላይ መቀመጥ አይከለከልም። የሚጠየቀው በረንዳው ከማን ደጅ ጋር እንደሚዋሰን ነው። ዕረፍት ከሥራ ነው እንጂ ከጎረቤት አይደለም። ሰው ጡረታ የሚወጣው ከመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከሰውነት ጡረታ የለም።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የሚያናድድ ነው፤ «ፈረንጅ ሲያደርገው ማን ተናገረው?» ይላል። ይህ መልስ ለዘመናት የተናቀ ሰው ቁስል አለበት፤ ስለዚህ በቀላሉ አይታለፍም። ነጩ ሰው በሄደበት ሁሉ ኤክስፓት፣ ጥቁሩ በሄደበት ሁሉ ስደተኛ መባሉ ግፍ ነው። ግን ግፍ የሚወገደው ግፈኛው ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር በመውረስ አይደለም። ሆይ አን ላይ ነውር የሆነ ነገር ሐዋሳ ላይ በትውልድ አይጸድቅም።

ሌላ ዓይነት ሰፋሪ እንደሚቻል ኢትዮጵያ ራሷ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሻሸመኔ መሬት ለጥቁር ሕዝቦች ሰጡ፤ ከካሪቢያንና ከሌላውም ዓለም ራስታዎች መጡ። ከአብዮቱ በኋላ ደርግ አብዛኛውን መሬት ወረሰው። የሄዱ ሄዱ፤ የቀሩት ግን እዚያው ከሻሸመኔ ሰው ጋር ድህነቱንም ዘመኑንም ተካፈሉ፤ ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ አደጉ። ለአሥርተ ዓመታት ያለ ዜግነት ኖረው መታወቂያ እንዲሰጣቸው መወሰኑ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የእነሱ ወረቀት ከቢጫ ካርዱ ያነሰ ነበር፤ ኑሯቸው ግን ተቀማጭነት አልነበረም።

በአሜሪካም በኩል ምሳሌው ቅርብ ነው። በአሌክሳንድሪያ ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት ሕንፃዎች ከሚኖሩት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ናቸው። በወረርሽኙ ጊዜ ሥራ ጠፍቶ ኪራይ ሲቆለል ተከራዮቹ ተደራጅተው መፈናቀልን ተቃወሙ። ያን ጊዜ «ነገ እሄዳለሁ» ያለ የለም፤ «የምንኖረው እዚህ ነው» አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ያለችው ታኮማ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። ከተማዋ የምትጠይቀው የት ተወለድክ ብላ አይደለም፤ የት ትኖራለህ ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ግን መልሱን በአድራሻ ይመልሰዋል።

የአድራሻና የኑሮ ልዩነት ለኢትዮጵያዊ ሊጠፋው አይገባም፤ ዕድር ያለው ሕዝብ ነውና። የዕድር ሕግ ቀላል ነው። ገንዘብ ይዋጣል፤ ገንዘቡ ግን ዕድሩ አይደለም። ዕድሩ መገኘት ነው። ድንኳን ሲተከል መገኘት፣ ሬሳ ሲነሣ መገኘት፣ ልቅሶ ቤት ማደር። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን የመቅረት ዋጋ ሆኖ አያውቅም። ቅጣቱን ሁልጊዜ እየከፈለ ሁልጊዜ የሚቀር ሰው በመዝገብ አባል ነው፤ በሰፈሩ ግን ሲሞት ማን እንደሚያነሣው ሰው ሁሉ ያስባል። ተቀማጭ ማለት በሁለቱም አገር ቅጣቱን እየከፈለ የሚቀር ሰው ነው። ግሪንቤልት ላይ ግብሩን ከፍሎ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ዶላሩን ልኮ ይቀራል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ወይ ግባ ወይ ቅር አይደለም። መግባት የሚፈልግ ይግባ፤ ግን እንደ ጎረቤት ይግባ። ዋጋ በዶላር ሳይሆን ጎረቤቱ በሚከፍልበት ሚዛን ይክፈል፤ ሠራተኛውን በአቅሙ ልክ ይክፈል። የሰፈሩ ውኃ ሲጠፋ የራሱን ጄኔሬተርና ታንከር ብቻ አያስብ፤ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወደ ቀበሌ ይሂድ። የሰፈሩን ሆስፒታል ራሱ እንደሚተኛበት አድርጎ ይቆጣለት። ዕድር ይግባ፤ ገብቶም ይገኝ። መቅረት የሚፈልግ ደግሞ ይቅር፤ ሲቀር ግን ቀረሁ ይበል። በሐይቁ ዙሪያ ሲሄድ የተሠራበትን ላብና የተከለከለውን ጥቁር ሠራተኛ ይወቅ፤ ለምክር ቤቱ ይምረጥ፤ በኅብረት ሱቁ አባል ይሁን፤ ከግድግዳው ማዶ የሚያስለውን ሽማግሌ ስሙን ይጠይቅ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት የተነገረው ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም።

ይህን ያላደረገ ሰው መጨረሻው ይታወቃል። በዋሽንግተን አካባቢ የመረዳጃ ማኅበራት ካሉባቸው ሥራዎች አንዱ ሬሳ ወደ አገር መላክ ነው። ነገ እገባለሁ ያለው ሰው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በሣጥን ይገባል። የሚቀብረው ስሙን እንጂ መልኩን የማያውቅ ዘመድ ነው፤ የኖረበት ሕንፃ ጎረቤት ደግሞ መሞቱን የሚያውቀው የስም ሰሌዳው ከበሩ ሲነሣ ነው። በሁለቱም አገር ለማንም ሳይቸገር፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ በፀጥታ ይሄዳል። ሲመኘው የኖረው ፀጥታ ይህ ከሆነ ለዚህ ሐይቅ ዳር ድረስ መድከም አያስፈልግም ነበር።